ቁጥሩን ለሹፌሩ ብቻ

ባጃጅ መንዳት የጀመርሁት ታላቅ ወንድሜ ወገቡን ታሞ መሪ መያዝ ሲያቅተው ነው። ባጃጇ ግቢ ውስጥ ቆማ ከምትዝግ እኔ ልሞክራት አልሁ። ያን ጊዜ ወረታ ውስጥ የምንነዳ ሴቶች ሁለት ብቻ ነበርን፤ ሁለተኛዋም ብዙ ሳትቆይ አግብታ ባሕር ዳር ገባች። መነኸሪያው በር ላይ ተራ ይዤ ስቆም ሰው እኔን አልፎ ከኋላዬ ወዳለው ባጃጅ ይሄዳል። አንዳንዱ ጎንበስ ብሎ ያየኝና ባለቤቱ የት እንደሄደ ይጠይቀኛል። የምነዳው እኔ ነኝ ስለው ወይ ይስቃል፣ ወይ ዕቃ እንደረሳ ሰው ፊቱን አዙሮ ይመለሳል።

ስለዚህ አፑ ሲመጣ ከሁሉም በላይ የተደሰትሁት እኔ ነበርሁ። ሁለት ወጣቶች አዳራሽ ሰብስበው አስረዱን። ተሳፋሪው በስልኩ ይጠራል፣ ጥሪው ቅርብ ላለው ባጃጅ ይደርሳል፣ ሲወርድ ሹፌሩን በኮከብ ይመዝናል። ተራ መጠበቅ የለም፣ መጋፋት የለም። ማሽን ሴት ወንድ ብሎ አይለይም ብዬ ደስ አለኝ። እውነትም ማሽኑ አልለየም፤ ግን ከስሜ ጋር ፎቶዬን አብሮ ይልክ ነበር። ጥሪ ተቀብዬ፣ ሞተር አስነስቼ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ስደርስ ስልኬ «ጉዞው በተሳፋሪው ተሰርዟል» ይለኛል። በቀን ሦስቴም አራቴም።

የማይሰርዙትም ቢሆኑ በቀላሉ አይገኙም። «ሩዝ መፈልፈያው ጋ ነኝ» ይሉሃል፤ ወረታ ላይ የሩዝ መፈልፈያ የሌለበት ሰፈር የት ይገኛል? ካርታውም ያው ነው። አንዳንድ ቀን አስፋልት ላይ ቆሜ እያለሁ ርብ ወንዝ ውስጥ ያስገባኛል። አንዲት ሴትዮ በገበያ ቀን አንድ በግና ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ይዛ ተሳፈረች፤ በጉ ቀሚሷን አበላሸባትና ለኔ ሁለት ኮከብ ሰጥታኝ ወረደች። ኮከብ ሲወርድ ጥሪም ይቀንሳል። ለማን አቤት ይባላል? ወንድሜ አልጋው ላይ ሆኖ ይህን ስነግረው ወገቡን ይዞ ይስቅ ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ጧት ላይ አባራ። ገና ቁርስ ሳልበላ ጥሪ መጣ፤ ቦታው ከከተማ ወጥቶ ወደ ጣና በሚወስደው የጠጠር መንገድ ላይ ነው። የጠሪዋ ፎቶ የወጣት ሴት ነበር። ደወልሁላት።

«የት ጋ ነው የቆማችሁ?»

«እኔ እንኳን አዲስ አበባ ነኝ» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ልዘጋው ነበር።

«እባክሽ እህቴ፣ እንዳትዘጊው! የሚሳፈሩት አባቴ ናቸው። የዓይን ሞራ የሚገፉ ሐኪሞች ወረታ መጥተዋል፣ ዛሬ የመጨረሻ ቀናቸው ነው። ወንድሜ ሰሊጥ ሊያርም መተማ ወርዷል፤ የሚወስዳቸው ሰው የለም። ጎረቤታችን መንገድ ዳር ድረስ ታደርሳቸዋለች።»

«ስልክ ይዘዋል?»

«የላቸውም። ሚስጥር ቁጥሩን ግን በጎረቤታችን ስልክ ነግሬያቸዋለሁ፤ በቃላቸው ይዘውታል። እኔም ከዚህ ሆኜ ካርታው ላይ እያየሁሽ ነው።»

ያ ቁጥር አራት አሃዝ ነው። ተሳፋሪው ለሹፌሩ ይነግራል፣ ሹፌሩ ስልኩ ላይ ያስገባል፣ ጉዞው ይጀመራል። ያለ እሱ አፑ ተሳፋሪ አልጫንሽም ይላል።

ሄድሁ። ከከተማ እንደወጣሁ ግራና ቀኙ ሩዝ ነው፤ ዝናብ ጠግቦ አረንጓዴነቱ ዓይን ይይዛል። ወደ ውስጥ በገባሁ ቁጥር የስልኬ ኔትወርክ እየሳሳ ሄደ። ቦታው ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ፣ መሬቱ ዝቅ በሚልበት ጋ፣ ውኃ መንገዱን ቆርጦታል። ካርታው ላይ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይቀጥላል፤ ፊቴ ግን መቶ እርምጃ የሚሆን ድፍርስ ውኃ ተኝቷል። ባጃጅ ብትገባበት ሞተሯ ያልቃል። ለልጅቱ ልደውል ስል ኔትወርኩ ጭራሽ ጠፋ።

ጉዞውን ልሰርዝ እችል ነበር። መሰረዣውን ስነካው ምክንያት ምረጪ አለኝ። ተሳፋሪው አልመጣም፣ ተሽከርካሪ ተበላሽቷል፣ አድራሻው ተሳስቷል። ውኃ የሚል የለም። ቀና ስል ከማዶ ድንጋይ ላይ የተቀመጡ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ፣ አጠገባቸው ደግሞ ሕፃን ያዘለች ሴት ታየችኝ። ባጃጇን ከፍ ያለው ቦታ ላይ አቁሜ፣ ስልኬን ውስጧ ትቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ሰብስቤ ገባሁ። መሐል ላይ አንድ ጉድጓድ እስከ ወገቤ ዋጠኝ። እየተሳደብሁ ወጣሁ።

ሽማግሌው ከዘራቸውን በጉልበቶቻቸው መካከል አቁመው ፊታቸውን ወደ ውኃው ድምፅ አቅንተዋል። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ነጭ ለብሰዋል።

«እንዴት አደሩ አባቴ? ልወስድዎት ነው የመጣሁ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

«ከወረታ ነኝ፤ ልጅዎ ናት የላከችኝ። በሉ ቁጥሩን ይንገሩኝና እንሂድ።»

«እሷ የላከችው ሹፌር ነው። ሹፌሩ የታለ?»

«ሹፌሩ እኔ ነኝ።»

ወደ ጎረቤታቸው ዞሩ። «እውነቷን ነው?»

«እኔ ምን አውቄ አባባ» አለች ሴትዮዋ። «ከማዶ ባጃጅ ቆሟል፤ ከሷ ሌላ ሰው ግን አይታየኝም።»

«ልጄ ቁጥሩን ለሹፌሩ ብቻ ይንገሩ ብላኛለች» አሉና አፋቸውን ገጠሙ።

ለመንሁ። ሐኪሞቹ ዛሬ እንደሚሄዱ ነገርኋቸው። ሴትዮዋም አብራኝ ለመነች። ንቅንቅ አላሉም። ከጭንቄ የተነሣ እንባዬ መጣ፤ ድምፄ ላይ ሳይሰሙት አልቀሩም መሰለኝ፣ «እስቲ እጅሽን አምጪው» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። መዳፌን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ሄደው አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ መካከል ያለው መጅ ላይ ቆሙ።

«ይኼ የእርፍ አይደለም፤ የሙቀጫም አይደለም። የምንድን ነው?»

«የባጃጅ መሪ ነው፣ አባቴ።»

ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ ጎረቤታቸው እንኳን እንዳትሰማ፣ አራቱን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነገሩኝ።

ስንሻገር ክንዳቸውን የያዝሁት እኔ ነበርሁ፤ የመሩኝ ግን እሳቸው ናቸው። «ወደ ግራ ገብተሻል፣ ወደ ቀኝ ሳቢ። በዚህ ስንት ዘመን ከብት ነድቻለሁ። ታችሽ ጠጠር ሲሆን ይሰማሻል።» እውነትም ተሰማኝ። ስመጣ ወገቤ ድረስ የዋጠኝ ውኃ በሳቸው መንገድ ከጉልበት አላለፈም። ባጃጇ ጋ ደርሰን ቁጥሩን ባስገባ ባስገባ አፑ ይሽከረከራል እንጂ አይቀበልም። ትቼው ነዳሁ።

ከተማው መግቢያ ላይ ስልኬ ነቃ። መልእክቶቹ ተደራርበው ገቡ። ጉዞው በተሳፋሪው ተሰርዟል። ከባድ ቅሬታ ቀርቦብዎታል። አካውንትዎ ለጊዜው ታግዷል። አንብቤ ሳልጨርስ ልጅቱ ደወለች።

«አባቴን የት ጣልሻቸው?» እየጮኸች ነው። «የት ነው የጣልሻቸው? አንቺ ሰው አይደለሽም?»

ልብሴ ውኃ ያንጠባጥባል፣ እግሬ ደምቷል። ልመልስላት የነበረውን እዚህ አልጽፈውም። ብቻ ስልኩን ወደ ኋላ ለሽማግሌው አቀበልኋቸው።

«እዚህ ነኝ! ባጃጅ ላይ ነኝ!» አሉ፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። «ልጅቱ እስከ ወገቧ ርሳ ነው ያመጣችኝ። ምን ሆነሽ ነው የምትጮኺባት? ተይ አታልቅሺ! ደኅና ነኝ እኮ እልሻለሁ!»

በኋላ እንደነገረችኝ፣ ሥራ ቦታዋ ተቀምጣ ስልኳ ላይ የምታያት ትንሿ ባጃጅ ውኃው ዳር ደርሳ ቆመች፤ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቆማ ቆየችና ጠፋች። የጎረቤቷም ስልክ አይሠራም። የሰፈሩን ውኃ ተወልዳ ያደገችበት ስለሆነ ታውቀዋለች። ሌላ የምታደርገው ስላጣች ያገኘችውን ቁልፍ ሁሉ ነካካች። ይህን ስሰማ አዘንሁላት። ያን ዕለት ግን ንዴቴ ቶሎ አልበረደም።

ሕክምናው ቦታ ስንደርስ ሰው ግቢውን ሞልቶታል። አንዲት ነርስ መዝገብ ይዛ መጣችና «አስታማሚያቸው ማን ነው?» አለች። ዞር ዞር ብዬ አየሁ፤ ሌላ ሰው የለም። እኔ ነኝ አልሁ። አፑ ታግዷል፣ የምሄድበት ጥሪ የለኝም፤ እርጥብ ሱሪዬ ላዬ ላይ እስኪደርቅ ግድግዳ ተደግፌ ተቀመጥሁ። ተሲያት ላይ አንድ ዓይናቸው ታሽጎ ወጡ። ፋሻው የሚፈታው በማግስቱ ስለሆነ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ። ወንድሜ መደቡ ላይ ልተኛ ብሎ አልጋውን ለቀቀላቸው፤ እሳቸው ደግሞ ለወገብ ሕመም ነጭ ሽንኩርት በማር ብላ ብለው ሲመክሩት አመሹ።

በማግስቱ ጧት ፋሻው ሲፈታ መጀመሪያ ያዩት የገዛ እጃቸውን ነው። ገልብጠው፣ ደግመው ገልብጠው አዩት። ቀጥሎ መስኮቱን። ከዚያ እኔን ከላይ እስከ ታች ተመለከቱኝና፣

«ቀጭን ነሽ እንዴ!» አሉኝ። «በድምፅሽ ግዙፍ ሴት መስለሽኝ ነበር።»

ነርሷ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ምን እንደሆንሁ አላውቅም፣ ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደብኝ።

ስመልሳቸው ቀስ ብለሽ ንጂ አሉኝ። አራት ዓመት ሙሉ ያላዩትን ከተማ እየጠየቁኝ አለፍነው፤ ይህ ፎቅ መቼ ተሠራ፣ እዚህ የነበረው ዋርካ የት ሄደ። ውኃው ጎድሎ ስለነበር ባጃጇ ተሻገረች። የራሳቸው ማሳ ጋ ስንደርስ አስቆሙኝና ወረዱ። ይደሰታሉ ብዬ ስጠብቅ ተቆጡ።

«አረም ውጦታል! ያ ልጅ አርሜዋለሁ ብሎኝ ነው መተማ የወረደ?»

ሐኪሞቹ እንዳያጎነብሱ ነግረዋቸው ነበር። ሊያጎነብሱ ሲሉ ክንዳቸውን ያዝሁ። «እርስዎ ያሳዩኝ፣ እኔ እነቅላለሁ» አልሁ። በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ እኔ እየነቀልሁ፣ ጎረቤታቸው መጥታ እስክትቀበለኝ አንድ ሁለት ትልም ያህል አረምን።

አካውንቴ የተከፈተው ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው። ልጅቱ ተሳስቻለሁ ብላ ለአፑ ሰዎች ሁለት ጊዜ ጻፈችላቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ «አስተያየትዎን ስለሰጡን እናመሰግናለን» የሚል መልስ ደረሳት። ወጣቶቹ ያሉበት ቢሮ ሄጄም ነበር። አንደኛው ከልቡ ሰማኝ፤ ግን ኮከቡን የሚያወርደውም የሚያወጣውም እኔ አይደለሁም አለኝ። ፊቱን ሳየው እሱም እንደኔ የታከተው ይመስል ነበር።

አፑ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። ሥራዬ ግን በአብዛኛው ከሱ አይመጣም። ልጅቱ ስልክ ቁጥሬን አዲስ አበባ ላሉ ያገሯ ልጆች ሰጠቻቸው፣ እነሱም ለሌሎች። አንዱ እናቴን ጤና ጣቢያ አድርሺልኝ ይላል፣ ሌላዋ አባቴን ለንግሥ ጣራ ገዳም አድርሺልኝ ትላለች። ካደረስሁ በኋላ ሁሉም ይደውላሉ። ስለ መንገዱ ብዙም አይጠይቁኝም። ከስተዋል ወይ? ሲራመዱ ያነክሳሉ? ይስቃሉ? ይሉኛል። እኔም ባጃጇን ጥላ ሥር አቁሜ ያየሁትን አንድ በአንድ እነግራቸዋለሁ።