አንድ ምላጭ ለአስራ አራት ራስ

ቧንቧ ውሃ ካለው ቤቴ የወሰዱኝ ከምርጫው በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሁለተኛውን ካልሲ እንኳ ሳላጠልቅ ነው። የደሴው ፖሊስ ጣቢያ ክፍል ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ላብ፣ ሽንት፣ እርጥብ ብርድ ልብስ። አስራ ሦስት ሰው ነበረበት፤ አስራ አራተኛው እኔ ሆንኩ። መቀመጥ አቃተኝ። ከበሩ እስከ ግድግዳው አራት እርምጃ ነው፤ እሷኑ ስመላለስባት "ኧረ መምህር፣ ራሳችንን አዞርከው!" ብለው ሳቁብኝ።

በሳምንቱ ቅማል ፈላብን። ካቦ የምንለው የክፍሉ አለቃ ጠባቂውን ለምኖ አንዲት ምላጭ አስገባ። እኛ ስንጨርስ ለጎረቤት ክፍል ትሻገራለች። አንዱ እስረኛ ላጪ ሆነ፤ ሁሉም በተራ ራሱን ይላጭ ተባለ።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ኃላፊ ነበርኩ፤ ምላጭ በጋራ አትጠቀሙ እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪደርቅ አስተምሬያለሁ። ታዲያ ተራዬ ሲደርስ ምን አደረግሁ? ከእኔ በፊት የነበረው ሰው ጆሮው አጠገብ ተቆርጦ ሲደማ እያየሁ፣ ጎንበስ ብዬ ራሴን ሰጠሁ። "ተጠየፈን" እንዳይሉኝ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ሞኝ ነበርኩ።

ከኮምቦልቻ የመጣ የከባድ መኪና ሹፌር ግን ሰልፉ ውስጥ አልረጋ አለ። የተቃዋሚ ወረቀት ጭነሃል ተብሎ የታሰረ፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነበር። ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል፣ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። በመጨረሻ "እኔስ ይቅርብኝ" አለ።

"ቅማልህን ልታወርሰን ነው?" አለው ካቦው። "ና፣ ቁጭ በል!"

"ደሜ ውስጥ ቫይረሱ አለ" አለ ሹፌሩ። "እናቴ እንኳ አልሰማችም።"

ላጪው ምላጯን ጣላት። አጠገቡ የነበሩት ብርድ ልብሳቸውን ሰበሰቡ። ካቦው ከሽንት ባልዲው አጠገብ እንዲተኛ አዘዘው፤ እሱም ብርድ ልብሱን አንስቶ ሄደ። እኔ በጣቴ ጭንቅላቴን እየዳበስኩ ቁስል እፈልግ ነበር።

ተራቸው ያልደረሰ አንድ የሐርቡ ሽማግሌ ተነሱ። ምንጣፋቸውን ጎትተው ባልዲው ጋ ዘረጉት።

"አባባ፣ እርስዎ ይመለሱ፤ እዚህ ይሸታል" አላቸው ሹፌሩ።

"አብሽር ልጄ። ዝም ብትል፣ ወላሂ፣ ማን ያውቅብህ ነበር?"

እኔም ተነሳሁ። ምላጯን አንስቼ "ይቺ ወደ ጎረቤት አትሻገርም" አልኩና ለሁለት ሰበርኳት። ጠባቂው ሲመጣ ሁለት ጥፊ ቀመስኩ። ከዚያ ብርድ ልብሴን ይዤ ከሁለቱ አጠገብ ተኛሁ።

ከተፈታሁ በኋላ ተመረመርኩ፤ ነፃ ነህ ተባልኩ። የተደሰትኩትን ያህል አፈርኩ። ኮምቦልቻ ከባድ መኪኖች የሚያድሩበት ግቢ ሁለቴ ሄጄ ሹፌሩን ጠየቅሁ፤ የት እንደገባ የሚያውቅ አጣሁ። አሁንም መንገድ ላይ ተሳቢ ባየሁ ቁጥር አንገቴን አስግጌ ነጂውን አያለሁ። ካገኘሁት የምነግረው አንድ ነገር ነው፤ ያን ቀን መናገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።