የሄር ቬበር ምድር ቤትና የወይራ ጢስ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ባለቤቴ አስካለ ጠላ ጠምቃ ነው የምትኖረው፤ ያን ዕለትም እያጠለለች ነበርና እጇ እስከ ክርኗ እርጥብ ነው። የጭነት መኪናው ሾፌር ከደጅ ጥሩምባ ሲነፋ እጇን በቀሚሷ ጠረግ ጠረግ አድርጋ ሳመችኝ። ለቅሶ አልነበረም። ቤት ውስጥ ሰባት ስምንት ጠጪ ተቀምጧል፤ እሷ ብታለቅስ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሸኖ ይደርስ ነበር። ስለዚህ ገበያ እንደሚሄድ ሰው ወጣሁ። አንዱ ጠጪ፣ እንደውም ጓደኛዬ ነው፣ “ታዬ፣ ስትመለስ ስኳር ያዝልኝ” አለኝ። እሺ አልኩት።

ለምን ወጣህ ለምትሉኝ፣ እኔ ሃያ ዓመት በጦር ሰፈር ወጥ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ጠመንጃ ይዤ አላውቅም፤ የያዝኩት ጭልፋ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ግን ጭልፋ የያዘውም ከወታደር ተቆጠረ። አንድ ጊዜ ታስሬ ተፈታሁ። ሁለተኛው መጥሪያ ሲመጣ ቆሜ አልጠበቅሁትም። በሞያሌ አድርጌ ናይሮቢ ገባሁ፤ እዚያ ዓመት ከመንፈቅ ተቀመጥኩ። የናይሮቢው ኑሮ ብዙ ወሬ የለውም፣ መጠበቅ ብቻ ነው። ከዚያ ዘመድ አዋጥቶ በአውሮፕላን ፍራንክፈርት ደረስኩ፤ እጄንም ለፖሊስ ሰጠሁ።

እዚህ አገር መጀመሪያ የገረመኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ሁሉም ሰው አንቱ ይባላል። ፖሊሱ ኪሴን ሲፈትሽ እንኳ አንቱ እያለኝ ነው። ሁለተኛው ዳቦው ነው፤ ጥቁር ዳቦአቸው ይኮመጥጣል። እርሾውን አስበውበት፣ ቀን ሰጥተውት ነው የሚያኮመጥጡት። እርሾ የሚያውቅ ሕዝብ ክፉ አይሆንም አልኩ በልቤ። ከፊሉ ልክ ነበርኩ።

የጥገኝነት ወረቀቴ እስኪመጣ ሦስት ዓመት ፈጀ። ወረቀቱ ሲመጣ ዛክሰንሃውዘን በሚሉት ሰፈር፣ የፖም ወይን በሚሸጥበት ቤት ሳህን አጣቢ ሆንኩ። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሐብቶም የሚባል የአስመራ ልጅ ነበር፤ ልጅ እላለሁ እንጂ አርባውን ያለፈ ነው። ኤርትራ ተለይታ መንግሥት ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበርና እንዴት እንደማናግረው ጨነቀኝ። እሱ ግን ፎጣ እየወረወረልኝ፣ “ጋሽ ታዬ፣ አገራችንን ወስደናል፤ ሳህኑን ግን አብረን እናጥባለን” አለኝ። በዚያው ወዳጅ ሆንን።

የፖም ወይኑን መጀመሪያ ስቀምሰው የተበላሸ መሰለኝ። አሠሪያችን እንዳይሰማ ለሐብቶም በጆሮው ነገርኩት። አልተበላሸም፣ እንዲህ ነው የሚጠጣው፣ የአገሩ ሰው ከሦስተኛው ብርጭቆ በኋላ ይጣፍጣል ይላል ብሎ አስረዳኝ። እኔ ሦስተኛው ላይ ለመድረስ አንድ ክረምት ፈጀብኝ።

ከደንበኞቹ መካከል ሄር ቬበር፣ አቶ ቬበር እንደ ማለት ነው፣ የሚባሉ ሚስታቸው የሞተችባቸው ሽማግሌ ነበሩ። ሽቫንሃይም በሚሉት ሰፈር ከጫካው አጠገብ ቤት አላቸው፤ የፖም ወይናቸውን እዚያው ምድር ቤታቸው ውስጥ ራሳቸው ይጠምቃሉ። ወደ እኛ ቤት የሚመጡት የእኛ ወይን ምን ያህል መጥፎ እንደሆነ ለማረጋገጥ ነው። ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል እንደሚያከራዩ ሐብቶም ሰማና ወሰደኝ። ጥያቄአቸውን አልረሳውም። ምግብ አበስል እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አዎ አልኩ። ይሸታል ወይ አሉ፤ አዎ ይሸታል አልኩ። ዘፈን? የለም። መጠጥ? በልኩ። ምን እንደምጠጣ ሲጠይቁኝ ሐብቶም እያስተረጎመ የጠላን ነገር ነገርኳቸው። ያን ጊዜ ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። ሲጠነሰስ ሙቀቱ ስንት ዲግሪ ነው አሉኝ። እጄን ከትቼ አየዋለሁ አልኩ። እሳቸውም ደብተር አውጥተው፣ “የእርስዎ እጅ ስንት ዲግሪ ነው?” ብለው ጠየቁኝ። እየቀለዱ አይደለም። ክፍሉን አገኘሁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤቱ ውስጥ አራት ሆነን መቀመጥ ጀመርን። አራተኛው ሰዒድ ነው፤ የደሴ ሰው፣ በባቡር ጣቢያው አካባቢ ሱቅ አለው፤ በርበሬው፣ ጌሾው፣ ማሩ ከእሱ ዘንድ ነው። ሰዒድ አይጠጣም። ማር በውኃ በጥብጦ ብርዝ ይዞ ይመጣል። በየሳምንቱ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥቶ አረፋ መጀመር አለመጀመሩን ይመረምራል። “የእኔ ብርዝ ከሦስት ቀን በኋላ ሃይማኖቱን ይለውጣል፤ ያን ጊዜ ለእናንተ ነው” ይላል። ለሐብቶም ይሰጠዋል፣ ሐብቶምም ሳያማርር ይቀበላል።

ወሬአችን ይኸው ነበር። የዘንድሮ ፖም በዝናብ ውኃ መብዛቱ፣ ሐብቶም ስዋ የሚሉትን የእነሱን ጠላ ሲጠምቅ እናቱን በስልክ ጠይቆ እናቱ “አንተ ወንድ ነህ፣ ምን አገባህ” ብላ የዘጋችበት፣ ሄር ቬበር ሽንኩርት የተነሰነሰበት የሚገማ አይብ አምጥተው እኛ አፍንጫችንን ስንይዝ እሳቸው የሰዒድን ስልጆ ቀምሰው እንባ በእንባ የሆኑት። ሁሉም የየአገሩን መራራና ኮምጣጣ ያሞግሳል። ሰዓቱ ያልፋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። አስካለን ማምጣት እፈልግ ነበር። የውጭ ዜጎች መሥሪያ ቤት ያለችው ሴትዮ የጋብቻ ወረቀቴን አየች፣ ደመወዜን አየች፣ ከዚያ ለሁለት ሰው የሚበቃ ቤት እንዳለኝ አከራዬ የፈረመበት ወረቀት አምጣ አለችኝ። ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ሰጠችኝ፤ በጥቅምት ማብቂያ፣ ሰኞ ጠዋት። ሄር ቬበር እፈርማለሁ ብለውኛል። ግን የሚፈርሙት ከፖም መጭመቅ በኋላ ነው፤ በፖም ወራት ሌላ ወረቀት አይነኩም።

እኔም በዚህ መካከል ጠላ ልጥመቅ አልኩ። አስካለ ለሃያ ዓመት ስትጠምቅ አይቻለሁ፣ ምን ይጠፋኛል ብዬ። ጌሾውን ከሰዒድ፣ ብቅሉን ከጤና ምግብ ሱቅ ገዛሁ፤ ገብሱንም በመጥበሻ ቆላሁ። የወጣው ነገር ሳሙና ሳሙና ይላል። በቀጠሯችን ቀን ደወልኩላት፤ የምትቀርበው ከጎረቤታችን ባለሱቅ ስልክ ነው። “ዕቃውን አጠንከው?” አለች። በምን? አልኩ። “በወይራ ነዋ። ሳይታጠን ምኑ ጠላ ነው፣ የዕቃ እጣቢ ነው እንጂ።” እዚህ ወይራ የለም ብላት ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ወረቀቴ ያስጨነቃት አይመስለኝም፤ ያስጨነቃት የወይራው ነገር ነው።

ወይራውን ሐብቶም አገኘ። አንድ የግሪክ ምግብ ቤት በር ላይ በትልቅ ገንቦ የተተከለ ወይራ ነበር፤ ብርድ ገደለው፤ ግንዱን ለምኖ አመጣልኝ። ዕቃውን ደግሞ ሄር ቬበር አዋሱኝ፤ ሟች ባለቤታቸው ጥቅል ጎመን ታኮመጥጥበት የነበረ ወፍራም የሸክላ ጋን።

ጥፋቴ እንግዲህ ይህ ነው። አንድ ረቡዕ ሄር ቬበር ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ምድር ቤት ወረድኩ። በአሮጌ ብረት ድስት ፍም አደረግሁ፣ ወይራውን ፈልጬ ጨመርኩበት፣ ጋኑን ከላዩ ደፋሁት። ጢሱ እንዳይባክን በሩን ዘጋሁ፤ እኛ ቤት እንዲያ ነው የሚደረገው። እኛ ቤት ግን ጣሪያው ሳር ነው፣ ይተነፍሳል። እዚህ ያለችው አንዲት ትንሽ መስኮት ወደ መንገድ ናት። ማዶ ያለችው ጎረቤት አየች፣ ደወለች። ሁለት ቀይ መኪና እየጮኸ መጣ።

የራስ ቁር ያደረገው አለቃቸው እሳቱ የት ነው አለኝ። እሳት የለም፣ ጢስ ነው አልኩት። ምን እየተቃጠለ ነው? ጋኑ። ጋኑ ለምን ይቃጠላል?

“እንዲጣፍጥ” አልኩት።

የሚሞላውን ቅጽ ከላይ እስከ ታች ተመለከተ። ለዚህ የሚሆን ቦታ የለውም መሰለኝ፣ ጓደኛውን አማከረና “ምግብ ማብሰል” ብሎ ጻፈ። ስሜን፣ የተወለድኩበትን ቀን፣ ሁሉንም አንቱ እያለ ወስዶ ሄደ።

ሄር ቬበር የደረሱት እነዚያ ቱቦአቸውን ሲጠቀልሉ ነው። እኔ ጋኑን አቅፌ ደረጃው ላይ ቆሜያለሁ። አልፈውኝ ወረዱ። አዲሱ ወይናቸው ገና አረፋ የሚተፋ ስለሆነ የአንዱን በርሜል አፍ ክፍት ትተውት ነበር። አፍንጫቸውን ወደዚያ አስጠጉ። ብዙ ቆዩ። “ሲረጋ እናየዋለን” አሉኝና ወደ ላይ ወጡ።

ከዚያ በኋላ አሥር ቀን ሰላምታ ብቻ ሆነ። ጉተን ሞርገን፣ ጉተን አበንት። ወረቀቱን አላነሡትም፣ እኔም አላነሣሁትም። ቴርሚኔ ግን እየቀረበ ነው። ይህ ቴርሚን ካለፈ ሌላ ለማግኘት ስንት ወር እንደሚፈጅ የሚያውቅ ያውቀዋል። ምድር ቤት መውረድ አፍሬ ጠላውን በታጠነው ጋን እክፍሌ ጠነሰስኩት። ሐብቶም ሳህን እያጠብን፣ “ጋሽ ታዬ፣ አገር ቤት የምታቃጥሉት አልቆባችሁ ነው እዚህ የመጣችሁት?” አለኝ። ሰዒድ በማግስቱ ይህን ሰምቶ ተቆጣው፤ ሰውየው ሚስቱን ሊያመጣ ነው፣ አንተ ትቀልዳለህ ብሎ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሄር ቬበር ራሳቸው አስጠሩን። ሦስታችንም ዳኛ ፊት እንደ ቀረበ ሰው ተቀመጥን። አፉ ክፍት ከነበረው በርሜል ቀዱ። አሸተቱ። መጀመሪያ ለሐብቶም ሰጡት፤ ሐብቶም ዋጠና ግድግዳ ግድግዳውን አየ። እሳቸው ጠጡ። አንድ ቃል ተናገሩ።

“የአሳማ ሥጋ ነው ይላሉ፣ በጢስ የደረቀ” አለ ሐብቶም።

“አልሐምዱሊላህ” አለ ሰዒድ፣ “ድሮም አልቀምሰውም።”

ማንም አልሳቀም። ሄር ቬበር ወደ እኔ ዞረው የእርስዎን ያምጡ አሉኝ። ከፎቅ ጋኑን ተሸክሜ ወረድኩ። ቀዳሁላቸው። አፋቸው ውስጥ ይዘው ቆዩ፣ ዋጡ፣ ብርጭቆውን መልሰው ዘረጉልኝ። ሁለተኛውን ሲጨርሱ በቀስታ እንዲህ አሉ፦ “እዚህ ውስጥ ጢሱ ትክክል ነው። የእኔ ወይን ውስጥ ትክክል አይደለም።” ጎንበስ ብለው የጋኑን አፍ አሸተቱ። ሚስታቸውን እያሰቡ ይሁን ጎመኑን፣ አላውቅም። “ከእንግዲህ ጎመን አይሆንበትም። ይያዙት” አሉኝ።

ከዚያ ተነሥተው ሁለት ወረቀት ይዘው መጡ። አንደኛው መሥሪያ ቤቱ የጠየቀው ነው፤ ፈርመውበታል። ሁለተኛው በቤት ኪራዩ ውል ላይ የሚጨመር ነው፤ በታይፕ የተመታ። ሐብቶም አነበበልኝ። በምድር ቤት ማጠን ክልክል ነው። በጓሮ፣ ቅዳሜ ብቻ፣ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት እስከ ስድስት፣ ነፋስ ከሌለ ይፈቀዳል። ፈረምኩ። ያበላሸሁባቸውን ወይን ነገር ከዚያ ወዲህ አንሥተውት አያውቁም፤ በርሜሉን ግን በማግስቱ ጠዋት ጓሮ ሲደፉት ከመስኮት አይቻለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ያለችው ሴትዮ ወረቀቱን ተቀበለች፣ ማኅተም መታች፣ ባለቤትዎ ናይሮቢም ሆነ አዲስ አበባ ቪዛቸውን መጠየቅ ይችላሉ አለችኝ። የስልክ ካርድ ገዝቼ በቀጥታ ወደ ስልክ ቤቱ።

አስካለን ባለሱቁ አስጠራልኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ማኅተሙን፣ ፊርማውን። “እሰይ” አለች። ከዚያ ጠላው እንዴት ሆነ አለችኝ። ጥሩ ሆነ አልኳት። ስንት ሰው ጠጣው? አለች። ሦስት አልኳት፤ አራተኛው ብርዝ ነው የሚጠጣው።

“ሦስት” አለች። “እኔ ዛሬ ጠዋት ብቻ ሠላሳ ሰው አስተናገድኩ።”

እዚህም ሰው አለ አልኳት፤ የእኛ ሰው ብዙ ነው፣ አንቺ ብትመጪ ቅዳሜ ምድር ቤቱ ይሞላል። ጋን አለን፣ ጓሮ አለን። ሳላስበው የውሉን ነገር ነገርኳት፤ ቅዳሜ ብቻ፣ ከአራት እስከ ስድስት።

“እኔ የማጥነው ማክሰኞና ዓርብ ነው” አለች።

ምንም ቁጣ የለበትም አነጋገሯ። እንዲሁ ቀኑን እንደምትነግረኝ።

“እጠይቃቸዋለሁ” አልኳት።

“ጠይቃቸው እስቲ።”

ካርዱ ላይ ገና ስድስት ማርክ ነበር። ከዚያ ማዶ ድምፅ ጠፋ፤ መነጋገሪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ኳ አለ። ቆይቶ ባለሱቁ አነሣው።

“ጋሽ ታዬ፣ ሰው ጠበቃቸው መሰለኝ ወጥተዋል። ላስጠራቸው?”

“ተዋቸው” አልኩት፣ “ሥራ ላይ ናቸው።”

ይህ ከሆነ ሦስት ሳምንት አለፈ። ሄር ቬበርን በየቀኑ ደረጃው ላይ አገኛቸዋለሁ፤ ሰላም ነን። የማክሰኞና የዓርቡን ነገር ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። እምቢ ቢሉኝ አስካለ የቀረችው በቀኑ ምክንያት ነው እላለሁ። እሺ ቢሉኝስ?