ሽማግሌዎቹ ሲመላለሱ ያለፈው ቀነ ገደብ

«ጊዜው ያለፈበት አቤቱታ ይዘሽ መጥተሽ ደግሞ ትጮሂብኛለሽ?» አለኝ የሕግ ክፍሉ ባለሙያ፣ ከወረቀቱ ቀና እንኳ ሳይል።

አልጮህኩም። ድምፄ ነው እንዲህ። እዚሁ ቦንጋ ሁለተኛ ደረጃ ስንማር በክፍል ይበልጠኝ ነበር፣ ያኔም ያውቀዋል።

«በቀስታ ስናገር መቼ ሰማኸኝ?» አልኩት።

ነገሩ የእናቴ ነው። በዚህ መሥሪያ ቤት ግቢ ያለውን የሠራተኞች ክበብ በውል ይዛ ሻይና ምሳ ታቀርብ ነበር። ውሉ ገና አንድ ዓመት ሲቀረው አዲሱ ኃላፊ ቤቱን ለስብሰባ አዳራሽ ፈለጉት። ውሉ ተቋርጧል የሚል ደብዳቤ ደረሳት፣ በሩም በሌላ ቁልፍ ተዘጋ። ከዚያ ወዲህ እናቴ በለመደችው ሰዓት ትነሳለች፣ ትለባብሳለች፣ ከዚያ ደጃፍ ላይ ትቀመጣለች። የምትሄድበት የላትም። የምትፈልገው ክበቡን ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ውሉ እንደሚለው ቅር ያለው ወገን በአንድ ወር ውስጥ አቤቱታውን በጽሑፍ ለመሥሪያ ቤቱ ማቅረብ አለበት። ያ ካለፈ ፍርድ ቤትም አያየውም፣ ኃላፊው በቂ ምክንያት አግኝተው ጊዜውን ካላራዘሙ በቀር። እኔ ደብዳቤው በደረሰን ሳምንት ጽፌ ጨርሼ ነበር። ግን ኃላፊው ሽማግሌ ላኩብን። «ከምንካሰስ ተነጋግረን እንጨርሰው» ብለው። ሦስቱ ሽማግሌዎች ገና ወንበር ሳይዙ እናቴ አቤቱታውን ከእጄ ተቀብላ ትራሷ ሥር ከተተችው።

«ሽማግሌ ተቀምጦ ክስ? ሰው ምን ይለኛል?»

ከዚያ አንደኛው ለቡና ለቀማ ወደ ማንኪራ ሄዱ። እሳቸው ሲመለሱ ሌላኛው ለለቅሶ ወደ ዋጫ ተነሱ። ሽማግሌዎቹ ሲሟሉ ኃላፊው ሥልጠና ገቡ። በየመሀሉ እኔ እጮሃለሁ፣ እናቴ «ትንሽ ታገሺ» ትላለች። ወሩ እንዲህ አለቀ። ዕርቁም አልተገኘ።

«ሽማግሌ የላካችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩት ባለሙያውን። «ይሄ ምክንያት አይሆንም?»

አሁን ቀና አለ። «ይሆናል። ፋይሉ ውስጥ ግን ሽማግሌ የሚባል ነገር የለም። አንዳቸው በመሥሪያ ቤቱ ተልከን እያነጋገርን ነበር ብለው ይፈርሙልሽ። ማራዘሚያውን እኔ አዘጋጃለሁ፣ ኃላፊው ይፈርሙበታል።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎረቤታችን ናቸው። ስደርስ ደጅ ላይ የንብ ቀፎ ይጠግኑ ነበር። ቁጭ በይ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም። የመጣሁበትን ነገርኳቸው።

«አልፈርምም» አሉ። «በሽምግልና የተነገረ ቢሮ አይገባም።»

«ጋሼ፣ የተነገረውን ማን ጠየቀዎት? ተልከን ሄድን ብቻ ይበሉ።»

«ዛሬ እሱን ብዬ ብፈርም፣ ነገ ባልና ሚስት ሲጣሉ ማን አምኖ በሩን ይከፍትልኛል?»

«የእናቴ በር ግን ተዘጋ።»

ቀፎውን ወደ ጎን አደረጉት። እኔ ግቢውን ከዳር ዳር እመላለሳለሁ። ደክሞኛል፣ ግን ስቆም ይብስብኛል።

«ምላስሽ ባል አያስገኝልሽም» አሉ በመጨረሻ።

«ክበቡን ያስገኝልኝ እንጂ ባሉ ይቅር።»

ሳይፈልጉ ሳቁ። «እሺ። ኃላፊውን በአፌ እነግረዋለሁ፣ ፊት ለፊት። ብዕር ግን አልነካም።»

በማግስቱ ሦስታችን ዳገቱን በጭቃ ወጣን። እናቴና ሽማግሌው መንገዱን ሙሉ በካፊኖኖ ስለ አንድ ሰው ሠርግ ያወራሉ። እኔ ከፊት ከፊት እቀድማለሁ፣ እየቆምኩ እጠብቃቸዋለሁ። ኃላፊው ሽማግሌውን ሲያዩ ከመቀመጫቸው ተነስተው የራሳቸውን ወንበር ሰጧቸው። ባለሙያው እንደ ቃሉ የማራዘሚያውን ደብዳቤ አዘጋጅቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኛን የላክኸን አንተ ነህ» አሉ ሽማግሌው። «ይቺ ሴት ቀኑ ያለፈባት እኛን አክብራ ነው።»

«እውነት ነው ጋሼ፣ አልክድም» አሉ ኃላፊው።

ባለሙያው ወደ እኔ አየ።

«እንግዲያው ይፈረምልን» አልኩ።

ኃላፊው ፈገግ ብለው እጃቸውን ደብዳቤው ላይ ጫኑበት። «እሳቸው እዚህ እያሉ ማራዘሚያ ምን ያደርጋል? ያን ጊዜ አልተመቻቸልንም። ቅዳሜ እንደገና ተቀምጠን በሽምግልና እንጨርሰው።»

«መጀመሪያ ይፈረም። ከዚያ እስከፈለጋችሁ ተቀመጡ።»

«አታምኚኝም ማለት ነው?»

«አላምንዎትም።»

እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ። «ዝም በይ አንቺ! ይቅር ይበሏት ጌታዬ፣ አፏ ነው እንጂ ልቧ ክፉ አይደለም።»

«እማዬ፣ ባለፈውም እንዲሁ ነበር ያሉሽ።»

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በካፊኖኖ የሆነ ነገር አሏት። ቃሉን አልያዝኩትም፣ እሷ ግን ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ደብዳቤውን ከኃላፊው እጅ ሥር ቀስ አድርጋ ሳበችና እንዳልተፈረመ ለባለሙያው መለሰችለት።

«ቅዳሜ ይሁን» አለች።

ተነሳሁ። ኮሪደሩ ላይ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ። ደረጃውን ወርጄ፣ በተቆለፈው ክበብ በኩል አልፌ በዋናው በር ወጣሁ።