ለወሊድ ብቻ

አክስቴ ልደታ ሰፈር ውስጥ ነፍሰ ጡር ባዩ ቁጥር «እንኳን ደስ ያለሽ» ከማለታቸው በፊት «ወረቀቱን አወጣሽ?» ይሉ ነበር። ቀበሌ ለድሃ የሚጽፈውን የነፃ ሕክምና ደብዳቤ ማለታቸው ነው። ማህተም እስኪመታ አብረዋት ይቀመጣሉ።

የእህቴንም ያስጻፉት እሳቸው ናቸው። በሰላም ወለደች። በስምንተኛው ቀን ደሙ አልቆም ሲላት ሆስፒታል ወሰድናት፤ መዝገብ ያዡ ደብዳቤውን አንብቦ «ይሄ ለወሊድ ብቻ ነው» ብሎ መለሰን። አክስቴ ቀበሌ ሮጡ። «ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው» አሏቸው። አዲሱን ደብዳቤ ይዘው ሲመጡ እህቴን በነጠላ ሸፍነናታል።

አክስቴን ባለፈው ሳምንት ቀበርን። እኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለቅሶ ደራሹ ሁሉ «በሽልም ያውጣሽ» ይለኛል፤ ስለ ወረቀቱ የጠየቀኝ የለም። ዛሬ ብቻዬን ቀበሌ ሄድኩ።

«ጓድ ሊቀመንበር ስብሰባ ላይ ናቸው» አሉኝ።