የወንድሟ ስልክ ቁጥር

በ2016 ዓ.ም.፣ የበልጉ ዝናብ በጀመረ ሰሞን፣ ልጄ ከሆሳዕና ደውላ "እማ፣ ነገ መምጣት አለብሽ" አለችኝ። ለምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ጊምቢቹ መምህርት ነኝ። ርእሰ መምህሩን አስፈቅጄ በማለዳው ሚኒባስ ሄድኩ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። መጀመሪያ ስትገባ ስልክ ቁጥር ሲጠይቋት የራሷ ስልክ አልነበራትም። በእኛ አገር፣ ቤት ውስጥ ቀድሞ ስልክ የሚይዘው ታላቁ ወንድ ልጅ ነው። ባንኩም ቀበሌውም ቤተሰቡን የሚያገኙት በእሱ ቁጥር ነው። እሷም የወንድሟን ሰጠች። እሱ ያኔ ባጃጅ ይነዳ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ደላላ አግኝቶ፣ ለእኔ ሳይነግረኝ፣ የደቡብ አፍሪካን መንገድ ያዘ። ስልኩን ይዞ ነው የሄደው። ከሞያሌ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማሁም።

ልጄ ግቢው በር ላይ ጠበቀችኝ። የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ምዝገባ በዚያው ቀን ይዘጋል፤ ያልተመዘገበ ዓመቱን ያጣል። የእሷ የምዝገባ ገጽ ደግሞ የይለፍ ቃሏ ጠፍቶባት አልከፈት ብሏታል።

እየሄድን አስረዳችኝ። ድሮ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ተማሪ ወደ ኮምፒውተር ድጋፍ ክፍል ይሄዳል፤ መታወቂያውን በመስኮት ያሳያል፤ ሰውየው ፊቱን አይቶ ይከፍትለታል። ተማሪው ሲበዛና ሁሉም ስልክ ሲይዝ መስኮቱን ዘጉት። ኮድ በስልክ መላክ ጀመሩ። ለብዙዎች ቀለለ፤ ከመኝታቸው ሳይነሡ ይከፍታሉ። የሀዲያና የከምባታ ልጆች ግን እንደ ልጄ የወንድማቸውን ቁጥር ነበር ያስመዘገቡት። ወንድሞቹ አገር ውስጥ የሉም። አቤቱታው ሲበዛ መስኮቱን መልሰው ከፈቱት። ወንድሙ የሚገኝ ተማሪ፣ ኮዱ በቴሌግራም ለወንድሙ ይላክና ደውሎ ይጠይቀዋል። ወንድሙ የማይገኝ ደግሞ ወላጁን ያመጣል። ወላጁ ቁጥሩ ከእንግዲህ እንደማይሠራ ከተናገረ በሌላ ይተካለታል።

"እኔ ነኝ ይህን የምናገረው?" አልኳት።

ወደ መስኮቱ ሰልፍ መራችኝ።

ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ያካፋል። ከኋላዬ የቆመ ተማሪ "እናቴ፣ አንደኛ ዓመት ነዎት?" ብሎ ጓደኞቹን አሳቃቸው። "ውጤቴ ዘግይቶ ነው የመጣው" አልኩት። አፍሮ በጃንጥላው አስጠለለኝ። አመሰገንኩት።

ከፊታችን አንዲት ከከምባታ፣ ከሀደሮ የመጣች ልጅ ስልክ ይዛ ነበር። ወንድሟ ከጆሃንስበርግ ኮዱን እያነበበላት ትጽፋለች። ሲጨርስ ሌላ ነገር ጠየቃት መሰለኝ፣ "በልቻለሁ አልኩህ እኮ" አለች እየተነጫነጨች። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ጌታ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አላለኝም።

መስኮቱ ላይ ያገኘነው ባለሙያ ጎልማሳ ነው፤ ደክሞታል፤ ትሁት ነው። መታወቂያችንን አየና ቁጥሩ ይሠራ እንደሆነ ጠየቀኝ። መጀመሪያ ይሞክሩት አልኩት። ልጄ እንደሞከረችው ነገረችው። እሱ ግን ኮዱን ላከው። አንገቴን አስግጌ ወደ ኮምፒውተሩ አየሁ።

"ደረሰው?" አልኩት።

"ተልኳል፣ እናቴ። ይኸውልዎት፣ አንድ ምልክት ነው። ሁለት የሚሆነው ሲያነበው ነው።"

አንዱን ምልክት አየሁት። ሁለተኛው አልተጨመረም። እንደገና እንዲልከው ለመንኩት፤ ላከው። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ባለሙያው ልጃቸውን አሁን እናገኘዋለን የሚሉ ሌሎች ወላጆችም እንዳሉ፣ እሱ መጠበቅ እንደሚችል፣ የማይችለው ግን ምዝገባውን ማስቆየት እንደሆነ በቀስታ ነገረኝ።

ልጄ ሰው እንዳይሰማ ብላ በሀዲይኛ ተናገረች። እዚያ ሰልፍ ላይ ሀዲይኛ የማይሰማ አልነበረም።

"እማ፣ እሱን ስንጠብቅ እኔም ልቅር?"

ጉርምርምታው ቆመ።

በጸሎት ቡድናችን ሁልጊዜ መንገዱ እንዲቀናለት ነበር የማስጸልየው። ደህና ላይሆን ይችላል ብዬ ለሰው ተናግሬ አላውቅም፤ ለጌታም ቢሆን በግልጽ አላልኩትም። አሁን በመስኮት በኩል፣ ለማላውቀው ሰው፣ በአማርኛ ልለው ነው።

"ቁጥሩ አይሠራም" አልኩ።

"በየትኛው ልተካው?"

"በእኔ።"

የወንድ ልጄን ቁጥር አጥፍቶ የእኔን ጻፈ። ቀላል ነገር ነው። ወዲያው ስልኬ ጮኸ፤ ኮዱን ለእህቱ አነበብኩላት። ገጹ ተከፈተ። ተመዘገበች።

ሰውየውን አመሰገንኩት። መስኮቱን መልሰው ባይከፍቱት ኖሮ ይህችም ልጄ ከደጅ ትቀር ነበር። ጌታንም አመሰገንኩ፣ ከልቤ። ምስጋናው ግን አፌ ውስጥ መረረኝ። አንዷን ለማስገባት ሌላውን የማይገኝ ነው ብዬ የመሰከርኩት እኔ ነኝ፤ ልጆቻችንን ወስደው ይህን የሚያስመሰክሩን ደላሎች ሆሳዕና ላይ ፎቅ እየሠሩ ነው። ልጄ እጄን ያዘችኝ። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ስትል ዝም በይ አልኳት። ጥፋት አልነበረባትም።

እህቴ ቤት አደርኩ።

በማግስቱ ማለዳ ሾኔ ሄድኩ። ከወንድ ልጄ ጋር ከሞያሌ አብሮ የተሻገረ ወጣት ታሞ ተመልሶ እናቱ ቤት እንደተኛ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። የሚነግረኝን ፈርቼ አልሄድኩም ነበር። ቤቱን እየጠየቅሁ አገኘሁት። እናቱ በሩን ከፈተችና አየችኝ፤ ማን እንደሆንኩ ሳልናገር መንገድ ለቀቀችልኝ። ገብቼ አልጋው አጠገብ ተቀመጥኩ፤ የልጄንም ስም ጠራሁለት።