እረፍት ያልወጣችው የሥራ ጓደኛዬ

አንድ ቀን ስቶክሆልም ውስጥ ኪስታ በሚባል ሰፈር በምናጸዳው መሥሪያ ቤት የምሳ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፤ ፖላንዳዊው አለቃችን፣ ከኡዝቤኪስታን የመጣችው የሥራ ጓደኛዬ፣ ትምህርት ሲዘጋ ከእኛ ጋር ለመሥራት የገባችው ልጄ፣ እና እኔ።

አለቃችን ሁልጊዜ ቁጭ ብሎ ነበር የሚያወራን። ያን ቀን ቆሞ ሲቀር ፈራሁ።

«የሥራ ፈቃድሽ አልታደሰም» አላት ጓደኛዬን።

«ምን አጠፋሁ?»

«የዓመት እረፍት አልወጣሽም።»

የሚቀልድ መስሏት ሳቀች። «ብዙ ሠራሽ ብለው ነው የሚያባርሩኝ?»

«ሕጉ ሠራተኛ እንዳይበደል ነው የወጣው። እረፍት ካልወጣሽ አሠሪው በድሎሻል ማለት ነው። በተበደልሽበት ሥራ ደግሞ የስዊድን መንግሥት ፈቃድ አያድስም። እረፍት ውጪ ብዬሽ ነበር እኮ።»

«ብለኸኛል። አንተማ አገርህ የአውሮፓ ኅብረት ገብታልሃለች፤ ዓመቱን ሙሉ ዓሣ ስታጠምድ ብትውል ማን ይነካሃል?»

«ዓሣውም አይነካኝ» አለ።

ሁላችንም ሳቅን። 

ለምን እረፍት እንደማትወጣ አውቅ ነበር። ባደገችበት ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ነበር። ሶቭየት ኅብረት ፈርሶ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ እረፍት ላይ የነበሩት ሲመለሱ በማሽናቸው ላይ ሌላ ሰው ቆሞ አገኙ። ይህን ስትነግረኝ አልገረመኝም። ደርግ ወድቆ ወሎ ውስጥ ያደግሁበት ከተማ ፋብሪካ ሠራተኛ ሲቀንስ እናቴ ታማ ተኝታ ነበር። ድና ስትሄድ ዘበኛው በሩን አልከፈተላትም። ከዚያ ወዲህ ከሥራ መቅረት እፈራለሁ፤ ትኩሳት ይዞኝም እገባለሁ። እኔም እንደ እሷ እረፍት አልወጣም ነበር። እኔ ግን የስዊድን ዜጋ ስለሆንኩ የጠየቀኝ የለም።

እሷም እዚያው የምሳ ክፍል ውስጥ ይህንኑ ነገረችኝ። «ኦፓ፣ አንቺም እኮ እንደኔው ነሽ» አለችኝ። ኦፓ በቋንቋቸው ታላቅ እህት ማለት ነው። «አንቺን ግን ወዴት ይሰዱሻል?»

 ተነሥታ የቀራትን ፎቅ ልትጨርስ ሄደች።

«ለምን አትጮኽባቸውም?» አለችኝ ልጄ በስዊድንኛ።

«ከጮኸች የሥራ ልምድ ወረቀት ቢከለክሏትስ?» አልኳት። ልጄ ተናድዳ ጥላኝ ወጣች።

ጓደኛዬ በዚያው ወር ከስዊድን ወጣች። ሊትዌኒያ ሥራ አገኘች የሚል አለ፤ ወደ አገሯ ተመለሰች የሚልም አለ። ስልኳ አይጠራም። እሷ እያለች ሥጋው ሐላል ነው ወይ ሳንባባል ከአንድ ሳህን እንበላ ነበር። አሁን በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ስልካቸው ላይ ያቀረቅራሉ፤ እኔም ቶሎ በልቼ እነሣለሁ።

ዘንድሮ አለቃችን በግድ እረፍት አስወጣኝ። ልጄ ሥራዋ ላይ ናት። እኔ ቮርቢ ጎርድ በሚባለው የስቶክሆልም ዳርቻ ሰፈር ካለው ቤቴ መስኮት አጠገብ ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ እቀመጣለሁ። የምሄድበት የለኝም። አንድ ሰው ቤቴን ቢያንኳኳ ምን ብዬ እንደምቀበለው እንኳ ረስቻለሁ።

ስለ እሷ ሳስብ ሌላ ሰው እንዳይበድላት እሰጋለሁ። ሥራ ከጀመረች ደግሞ አሁንም እረፍት እንደማትወጣ አውቃለሁ። ከኡዝቤኪስታን መጥታ ኪስታ ቢሮ ታጸዳ የነበረች፣ አርባዎቹን ያጋመሰች፣ ሁለት ወንዶች ልጆች ያሏት ሴት ናት። በሊትዌኒያም ሆነ በሌላ አገር ያገኛችኋት ካላችሁ፣ የት እንዳለችና ሥራ ይዛ እንደሆነ እባካችሁ ንገሩኝ።