የአልማዝ ጉሮሮና የነርቭ ክኒን

በቀዶ ሕክምና ክፍል ሥራ በጀመርኩበት ቀን ዋና ነርሷ እንቅርቷ የወጣላት ሴት አልጋ አጠገብ አቆሙኝና፣ «ቁስሉን ሁሉም ያያል፤ አንቺ ድምፁን ስሚ» አሉኝ። ከጋሞ ደጋ የእንቅርት ሕሙማን ብዙ ስለሚመጡ ሥራውን ቶሎ ለመድኩት። ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ከእንቅርቱ ሥር ያልፋል። ከተነካ ድምፅ ይሰልላል፣ ውኃም ትን ይላል።

ጡረታዬ ሲቃረብ አልማዝን አስታመምኩ። ሲቀላ ገበያ ሙዝ የምትሸጥ ሴት ናት። እንቅርቱ ነርቩን ውጦት ስለነበር ዶክተሩ የተበላሸውን ቆርጦ ጫፎቹን መልሶ ሰፋቸው። ስትነቃ ከሹክሹክታ በቀር ድምፅ አልነበራትም።

«እንዲህ ሆኜ በምን እጠራለሁ ገዢ?» አለችኝ።

ዶክተሩ፣ «ነርቭሽን ሰፍተነዋል፤ የጉሮሮሽ ጡንቻ እስኪበረታ ወራት ይፈልጋል» አላት፤ ባሏም አጠገቧ ቆሞ ይሰማ ነበር። እብጠት የሚቀንስ ክኒን ለጥቂት ቀን አዘዘላት። እኔም አገጯን ዝቅ አድርጋ በትንሽ በትንሹ መዋጥ አለማመድኳት። እየበረታች ወጣች።

ለክትትል ስትመለስ ብሶባታል። ዓይኗ ይከደናል፤ አንድ ጉንጭ ውኃ ትን አላት።

«ምን እየወሰደች ነው?» አልኩት ባሏን ታደለን።

«የነርቭ መድኃኒት ነዋ ሲስተር! ነርቭ አለባት ተባለ አይደል? እናቴም ነርቭ አለባት፤ ከእሷ ክኒን አካፈልኳት።»

«ነርቭ የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«እኔ የለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን!»

«አንተማ ጭንቅላትም የለህም» አለች አልማዝ በሹክሹክታ።

ዶክተሩ ክኒኑን አየ። ለጭንቀት የሚሰጥ፣ እንቅልፍ የሚያመጣና ጡንቻ የሚያላላ ነበር።

«እኛ ጉሮሮዋ ይበርታ እንላለን፣ ይሄ ያላላዋል። ምግብ ወደ ሳንባዋ ቢገባ ለነፍሷም ያሰጋ ነበር» ብሎ አስቆማት።

ታደለ ፊቱ ተለወጠ። «ስፌቱስ ተበላሸ?»

«ስፌቱን ክኒን አይፈታውም።»

ክኒኑን ካቆመች በኋላ ትንታው ተዋት። ድምፅዋ ግን ዘገየ፤ ወራት ቆይቶ ሻካራ ሆኖ መጣ። አንድ ቀን ሲቀላ ሳልፍ፣ «ሲስተር! የጫኖ ሙዝ ሳይቀምሱ የት ይሄዳሉ?» ብላ ከባጃጁ ጩኸት በላይ ጠራችኝ። እንደ ድሮው ባይሆንም ለገበያ ይበቃል።

በእኛ ከተማ ነርቭ የበሽታ ስም ነው። እናንተ አዲስ ነርሶች፣ ለሕመምተኛ ስትነግሩ «ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ሥር» በሉ፤ ከመሄዱ በፊትም የሰማውን በራሱ አፍ አስነግሩት።